ስዌን ናተር፤ በሁለተኛ ሰልፍ የቆመ ሰው ታሪክ

መግቢያ

ታሪክ ጸሐፊዎች ብዙውን ጊዜ ዓይናቸውን የሚጥሉት በፊት በቆመው ሰው ላይ ነው። ዘመቻ ሲጻፍ የጦር መሪው ስም ከነማዕርጉ ይጠራል፤ ደጀን ሆኖ የቆየው፣ ስንቅ የተሸከመውና ሌሊቱን ዘብ ያደረው ግን «ሠራዊቱ» በሚል አንድ ቃል ተጠቅልሎ ያልፋል። ይህ ልማድ የጦርና የቤተ መንግሥት ታሪክ ብቻ አይደለም። ስለ ስፖርት የሚጻፈውን የተመለከተ ሰውም ያንኑ ያገኛል፤ ጨዋታውን የጀመሩት ይወደሳሉ፣ ወንበር ላይ ተቀምጠው ተራቸውን የጠበቁት ይረሳሉ።

በዚህ አጭር ጥናት የምንመረምረው የአንድ ተጠባባቂ ሰው ሕይወት ነው። ይህም ሰው ስዌን ናተር ይባላል፤ በትውልዱ ሆላንዳዊ፣ ባደገበትና በሠራበት አገር አሜሪካዊ፣ በሙያው የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ነበር። ለጥናት የመረጥነው ስለ ዝናው አይደለም፤ ከእሱ ይልቅ ስማቸው የገነነ ብዙዎች አሉና። የመረጥነው ሕይወቱ አንድ ጥያቄ ስለሚያቀርብልን ነው። በዩኒቨርሲቲ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ጊዜ እንኳ ከመጀመሪያዎቹ 5 ተሰላፊዎች ጋር ጨዋታ ያልጀመረ ሰው፣ በኋላ በሁለት ታላላቅ የሙያ ማኅበራት በአንድ የጨዋታ ዘርፍ የሁሉ የበላይ ሊሆን የቻለው እንዴት ነው? ዕድል ነውን? ትዕግሥት ነውን? ወይስ ሌላ ምክንያት አለ? በጽሑፋችን ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይገንዘብልን።

፩፤ ልጅነትና ስደት

ናተር የተወለደው ጥር 14 ቀን 1950 ዓ.ም. በሰሜን ሆላንድ፣ ዴን ኼልደር በተባለች የባሕር ኃይል ወደብ ከተማ ነው። ዘመኑ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አገሪቱ ገና ፍርስራሿን የምታነሣበት፣ የመኖሪያ ቤት እጥረት የበረታበት ጊዜ ነበር። በእነዚያ ዓመታት በመቶ ሺህ የሚቈጠሩ ሆላንዳውያን አገራቸውን እየተዉ ወደ ካናዳ፣ ወደ አውስትራሊያና ወደ አሜሪካ ፈልሰዋል። ስለዚህ የናተር ቤተ ሰብ ታሪክ የአንድ ቤት ብቻ ሳይሆን የዘመኑም ታሪክ ነው።

ልጁ ገና ሕፃን ሳለ አባቱና እናቱ ተፋቱ። እናቱም ሌላ ባል አግብታ ወደ አሜሪካ ተሻገረች። ስዌንና እኅቱ ግን አብረው ለመሄድ ስላልተቻላቸው በሆላንድ ቀሩ፤ በሕፃናት ማሳደጊያም ዓመታት ቈዩ። እናት በሕይወት እያለች እንደ ሙት ልጅ ማደግ ምን እንደሚመስል ከእኛ ይልቅ የደረሰበት ያውቀዋል፤ እኛ ነገሩን መዝግበን እናልፋለን።

ከዚያ ችግር የወጡበት መንገድ ደግሞ እንግዳ ነው። በዚያን ጊዜ ኤን ቢ ሲ የተባለው የአሜሪካ የቴሌቪዥን ድርጅት «አንተ ልትሆን ትችላለህ» የሚል ትርጉም ያለው አንድ ትርኢት ያሳይ ነበር። የትርኢቱ ልማድ ተራውን ሰው ባልጠበቀው ደስታ ማስደነቅ ነው። አዘጋጆቹ የእናቲቱን ታሪክ ሰምተው ሁለቱን ልጆች ከሆላንድ አስመጡና በተመልካች ፊት ከእናታቸው ጋር አገናኟቸው። ናተር ያን ጊዜ የ9 ዓመት ልጅ ነበር።

በዚህ ነገር ላይ ጥቂት ማሰብ ይገባናል። በአንድ በኩል ስንመለከተው የተፈጸመው በጎ ሥራ ነው፤ የተለያየ ቤተ ሰብ ተገናኝቷል። በሌላ በኩል ግን የአንድ ልጅ ናፍቆት ለሕዝብ መዝናኛ ሆኗል፤ ልቅሶውና ደስታው በማስታወቂያ መካከል ታይቷል። በጎ አድራጎትና ንግድ እጅ ለእጅ ተያይዘው መሄዳቸው የዚያ ዘመን አሜሪካ አንዱ ጠባይ ነው። ሁለቱን ለያይቶ መፍረድ ቀላል አይደለም፤ አንዱን ብቻ አይቶ ሌላውን መካድ ግን ከታሪክ ተማሪ አይጠበቅም።

፪፤ የተጠባባቂው ትምህርት ቤት

ናተር በካሊፎርኒያ አደገ። ቁመቱ እየረዘመ ሄዶ 2 ሜትር ከ11 ሳንቲ ሜትር ደረሰ። ይሁን እንጂ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የቅርጫት ኳስ ቡድን ውስጥ አልተጫወተም። ጨዋታውን የተማረው ሳይፕረስ በተባለው የሁለት ዓመት ኮሌጅ ገብቶ ነው። የዚያ ኮሌጅ አሠልጣኝ ዶን ጆንሰን ይባላል፤ እሱም በወጣትነቱ በሎስ አንጀለስ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ በታላቁ አሠልጣኝ በጆን ዉድን ሥር የተጫወተ ሰው ነበር። ዘግይቶ የጀመረው ረጅም ወጣት በሳይፕረስ በፍጥነት ስላደገ፣ ከዚያ ወጥቶ ወደ መምህሩ መምህር ወደ ዉድን ዘንድ ሄደ።

ያን ጊዜ የሎስ አንጀለሱ ቡድን በአሜሪካ የዩኒቨርሲቲዎች ጨዋታ ታሪክ አቻ አልነበረውም። ዉድን ከ1964 እስከ 1975 ዓ.ም. ባሉት 12 ዓመታት 10 ጊዜ የአገሪቱን ሻምፒዮንነት አግኝቷል። ናተር በቡድኑ በነበረባቸው በ1971–72 እና በ1972–73 የውድድር ዘመናት፣ ቡድኑ በእያንዳንዱ ዓመት 30 ጨዋታ ተጫውቶ 30ውንም አሸንፏል። ነገር ግን ናተር በሚጫወትበት ቦታ፣ ተጫዋቾቹ «ሴንተር» በሚሉት በመካከለኛው ስፍራ፣ ቢል ዋልተን ነበረ። ዋልተን በዕድሜ ከናተር ወደ ሦስት ዓመት ያንሳል፤ በችሎታው ግን በዘመኑ ከነበሩት የዩኒቨርሲቲ ተጫዋቾች ሁሉ የላቀ ነበር። በ1973 ዓ.ም. በመጨረሻው የሻምፒዮንነት ጨዋታ ሜምፊስን 87 ለ 66 ሲያሸንፉ ዋልተን ብቻውን 44 ነጥብ አስቈጠረ፤ ከወረወራቸው 22 ኳሶች የሳተው አንዱን ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ሰው በፊቱ የቆመበት ተጠባባቂ ምን ተስፋ ይኖረዋል?

ዉድን ለናተር እውነቱን አልደበቀውም። በጨዋታ ብዙ እንደማይሰለፍ፣ ዳሩ ግን በየዕለቱ ልምምድ ከአገሪቱ ምርጥ ሴንተር ጋር እንደሚገጥም አስቀድሞ እንደ ነገረው ናተር ራሱ መስክሯል። ውሉ ይህ ነበር። ናተር ሁለት የሻምፒዮንነት ዓመታትን ያሳለፈው በአብዛኛው ጨዋታው ካለቀለት በኋላ እየገባ ነው። ሕዝብ በማያይበት አዳራሽ ግን በየቀኑ ከዋልተን ጋር ይጋፋል፣ ይዘላል፣ ይወድቃል። በመሆኑም ዋልተንን ተቃራኒ ቡድኖች በዓመት በ30 ጨዋታ ብቻ ሲገጥሙት፣ ናተር ልምምድ ባለበት ቀን ሁሉ ገጥሞታል ማለት ነው።

በ1972 ዓ.ም. ለሙኒክ ኦሊምፒክ በሚዘጋጀው የአሜሪካ ቡድን ውስጥም ተመርጦ ነበር። ሆኖም ቡድኑ ወደ ሙኒክ ከመድረሱ በፊት ከልምምዱ ሰፈር ወጣ። ያ ቡድን በመጨረሻው ጨዋታ በሶቪየት ኅብረት 51 ለ 50 መሸነፉ የታወቀ ነው።

፫፤ ስለ ተመላሽ ኳስ

ወደ ሙያ ዘመኑ ከማለፋችን በፊት ናተር የተለየበትን የጨዋታ ዘርፍ ማስረዳት ያስፈልጋል። በቅርጫት ኳስ ጨዋታ ከሚወረወሩት ኳሶች ግማሽ ያህሉ ቅርጫቱን ይስታሉ። የሳተችው ኳስ ከብረቱ ቀለበት ወይም ከሰሌዳው ተጋጭታ ትመለሳለች። ያችን ተመላሽ ኳስ ዘልሎ መልቀም ተጫዋቾቹ «ሪባውንድ» ይሉታል። ኳሷን የለቀመ ቡድን የማጥቃት ተራ ያገኛል፤ ያጣ ቡድን ወደ መከላከል ይመለሳል። ስለዚህ ምንም እንኳ በራሱ ነጥብ ባያስቈጥር፣ የነጥብ ሁሉ መነሻ ይህ ነው። የተመልካች ዓይን ግን ከወርዋሪው ጋር ይሄዳል፤ ጭብጨባውም የወርዋሪው ነው።

ብዙ ሰው ይህ ሥራ በቁመት ብቻ የሚገኝ ይመስለዋል። ቁመት ይረዳል፤ አይበቃም። ዉድን ለተጫዋቾቹ ያስተምር የነበረው ሦስት ቀላል ነገሮችን ነው። አንደኛ፣ እያንዳንዱ ውርወራ ይስታል ብለህ አስብ። ሁለተኛ፣ እጆችህን ወደ ትከሻህ ከፍታ አንሣ። ሦስተኛ፣ ሂድና ኳሷን ያዝ። ከሦስቱ ከባዱ የመጀመሪያው ነው፤ የወረወረው ጓደኛህ ቢሆን እንኳ ይስታል ብለህ አስቀድመህ መዘጋጀት አለብህና። ሌላው ኳሷን በዓይኑ እየተከተለ ሲመኝ፣ ለቃሚው ወዴት እንደምትመለስ ገምቶ እግሩን ያንቀሳቅሳል።

አሁን ወደ ጥያቄያችን የሚያደርሰንን ድልድይ አገኘን ብለን እናምናለን። ይህ ሥራ በጠባዩ የተጠባባቂ ሰው ሥራ ነው። የሌላውን ስሕተት ጠብቆ፣ በሰዓቱ ተገኝቶ፣ የወደቀውን ማንሣት ነው። ከዋልተን ኋላ የቆመ ሰው፣ ራሱም በዋና ወርዋሪነት ሳይቈጠር በቡድን ውስጥ መኖር የሚቻልበትን ዘዴ ሲፈልግ፣ ይህን አገኘ።

፬፤ በሁለቱ ማኅበራት

በዚያን ጊዜ በአሜሪካ ሁለት የሙያ ማኅበራት ነበሩ። አንዱ ነባሩና ባለጸጋው ብሔራዊ የቅርጫት ኳስ ማኅበር ነው። ሌላው በ1967 ዓ.ም. የተመሠረተው የአሜሪካ የቅርጫት ኳስ ማኅበር ነው፤ እሱ ገንዘቡ ጥቂት፣ ድፍረቱ ብዙ ነበር። በ1973 ዓ.ም. የሚልዎኪ ቡድን ናተርን በብሔራዊው ማኅበር ምርጫ በመጀመሪያው ዙር 16ኛ አድርጎ መረጠው። በዩኒቨርሲቲ አንድ ጨዋታ እንኳ ያልጀመረ ሰው በመጀመሪያው ዙር መመረጡ ያስደነቀ ነገር ነው። በሚልዎኪም ቢሆን በሴንተርነት የቆመው ካሪም አብዱል-ጀባር ነበር፤ እሱም ከዉድን ቤት የወጣ፣ ከዋልተን በፊት የነበረ ገናና ነው። ናተር ወደዚያ አልሄደም፤ ወደ ሁለተኛው ማኅበር፣ ወደ ቨርጂኒያ ቡድን ገባ።

ቨርጂኒያ በገንዘብ ችግር የተያዘ ቡድን ስለ ነበረ ጥሩ ጥሩ ተጫዋቾቹን እየሸጠ ይኖር ነበር። ዝነኛው ጁሊየስ ኧርቪንግ ተሸጧል፤ ናተርም ጥቂት ጨዋታ እንደ ተጫወተ ለሳን አንቶኒዮ ተሸጠ። በዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ የመጀመሪያ ተሰላፊ ሆነና ወዲያው ፍሬ አፈራ። በ1974 ዓ.ም. የማኅበሩ የዓመቱ ምርጥ አዲስ ተጫዋች ተባለ። በዚያው ዓመት በማኅበሩ ውስጥ ከወረወረው ብዙውን ያገባው እሱ ነበር፤ ከመቶ 55.2 ያህሉን አስገብቷል። በተከታዩ በ1974–75 የውድድር ዘመን ደግሞ በየጨዋታው በአማካይ 16.4 ተመላሽ ኳስ እየለቀመ የማኅበሩ ቀዳሚ ሆነ።

በ1976 ዓ.ም. ሁለተኛው ማኅበር ፈረሰ። ከቡድኖቹም ኢንዲያና፣ ዴንቨር፣ ኒው ዮርክና ሳን አንቶኒዮ ብቻ ወደ ብሔራዊው ማኅበር ተቀላቀሉ። ናተር ከሳን አንቶኒዮ ወደ ኒው ዮርክ፣ ከዚያም ተመልሶ ወደ ቨርጂኒያ ተዛውሮ ስለ ነበረ፣ ቡድኑ ከጠፉት ወገን ሆነ። በዚህ ጊዜ ወደ ሚልዎኪ ሄደ። በታኅሣሥ 1976 ዓ.ም. ከአትላንታ ጋር በተደረገ አንድ ጨዋታ 30 ነጥብ አስቈጥሮ 33 ተመላሽ ኳስ ለቅሟል። በ1977 ዓ.ም. ወደ ቡፋሎ ተዛወረ፤ ያ ቡድን በተከታዩ ዓመት ወደ ሳን ዲዬጎ ፈልሶ ስሙን ክሊፐርስ አለ። በአምስት ዓመት ውስጥ ይህን ያህል ከተማ የለወጠው በጠባዩ መክፋት ሳይሆን በዘመኑ የነበረው ንግድ ተጫዋቹን እንደ ዕቃ ያንቀሳቅሰው ስለ ነበረ ነው።

እዚህ ላይ ታሪኩ በልብ ወለድ እንኳ ቢጻፍ የማይታመን መንገድ ይይዛል። በ1979 ዓ.ም. የሳን ዲዬጎ ቡድን አዲስ ሴንተር በብዙ ገንዘብ አስፈረመ። ሰውዬው ቢል ዋልተን ነው። በ1977 ዓ.ም. ከፖርትላንድ ጋር የሻምፒዮንነት ባለቤት፣ በ1978 ዓ.ም. የማኅበሩ ምርጥ ተጫዋች የነበረው ዋልተን በትውልድ ከተማው በሳን ዲዬጎ ሊጫወት መጣ። እነሆ ናተር ከስድስት ዓመት በኋላ ዳግመኛ በዋልተን ኋላ ሊቆም ነው። ነገር ግን ዋልተን በእግሩ ሕመም ምክንያት በዚያ የውድድር ዘመን 14 ጊዜ ብቻ ተጫወተ። ቀዳሚው በወደቀ ጊዜ ተጠባባቂው ዝግጁ ነበር። በታኅሣሥ 14 ቀን 1979 ዓ.ም. ከዴንቨር ጋር ሲጫወቱ ናተር በግማሽ ጨዋታ ብቻ በመከላከል በኩል 18 ተመላሽ ኳስ ለቀመ። በዘመኑም መጨረሻ 1,216 ኳስ ለቅሞ፣ በየጨዋታው በአማካይ 15.0 አግኝቶ፣ የሂዩስተኑን ብርቱ ሞዜስ ማሎንን በጥቂት በልጦ የብሔራዊው ማኅበር ቀዳሚ ሆነ። በሁለቱም ማኅበራት በተመላሽ ኳስ ቀዳሚ የሆነ ሌላ ሰው የለም።

ከዚያ በኋላ ጕልበቱን ታመመ። በ1983 ዓ.ም. ወደ ሎስ አንጀለስ ሌከርስ ተዛወረና የመጨረሻውን የአሜሪካ ዓመቱን በካሪም አብዱል-ጀባር ተጠባባቂነት ጨረሰ። ጅማሬውም ፍጻሜውም ከዉድን ቤት በወጡ ሁለት ገናኖች ኋላ ሆነ። በ11 የውድድር ዘመናት በየጨዋታው በአማካይ 12.4 ነጥብና 11.6 ተመላሽ ኳስ አስመዝግቧል። ቀጥሎም በኢጣሊያ በኡዲኔ ከተማ ተጫውቷል፤ በዚያም በተመላሽ ኳስ ቀዳሚ ነበር።

፭፤ ማስረጃውን ስንመዝን

በናተር ታላቅነት ላይ ሦስት ተቃውሞ ሊቀርብ ይችላል። የመጀመሪያው፣ ሁለተኛው ማኅበር ደካማ ስለ ነበረ የ1975ቱ ቀዳሚነት አይመዘንም የሚል ነው። ይህ ተቃውሞ ብቻውን ቢቆም ክብደት ነበረው፤ ነገር ግን ያው ሰው ከአምስት ዓመት በኋላ በብሔራዊው ማኅበር ያንኑ ስለ ደገመ ተቃውሞው ይወድቃል።

ሁለተኛው፣ በደካማ ቡድን ውስጥ ተወዳዳሪ የሌለው ሰው ብዙ ኳስ ይለቅማል የሚል ነው። በእርግጥ የ1979–80ው የሳን ዲዬጎ ቡድን 35 ጊዜ አሸንፎ 47 ጊዜ ተሸንፏል። ሆኖም የ1974–75ቱ ሳን አንቶኒዮ 51 ጊዜ አሸንፎ የተሸነፈው 33 ጊዜ ብቻ ነው። ናተር በደካማውም በብርቱውም ቡድን ቀዳሚ ከሆነ፣ ምክንያቱን በቡድኑ ውስጥ ሳይሆን በሰውዬው ውስጥ መፈለግ አለብን።

ሦስተኛው ተቃውሞ ይበልጥ የሚከብደው ነው፤ ዋልተን ባይታመም ኖሮ ናተር ስሙ ባልተጠራ ነበር የሚል ነው። በዚህ ውስጥ እውነት አለ። የዋልተን ሕመም ለናተር በር ከፍቷል፤ ይህንንም ደስ ሳይለን እንቀበላለን፣ የአንዱ ዕድል የሌላው መከራ ነበረና። ነገር ግን የተከፈተ በር ሁሉ ገቢ አያገኝም። በየቡድኑ ስንት ተጠባባቂ ተራው ደርሶት ሳይችል ቀርቷል! ዕድል ጊዜውን ሰጠ፤ በጊዜው የሠራውን ሰው ግን የሠራው የሎስ አንጀለሱ የልምምድ አዳራሽ ነው። ትዕግሥትም ብቻውን መልስ አይሆንም፤ እጁን አጣምሮ የሚጠብቅና እየሠራ የሚጠብቅ ሁለት ልዩ ልዩ ሰዎች ናቸውና።

መደምደሚያ

ናተር ጨዋታ ከተወ በኋላ በሳን ዲዬጎ በአንድ የክርስቲያን ኮሌጅ አሠልጣኝ ሆነ፤ ኋላም ኮስትኮ በተባለው ታላቅ የንግድ ድርጅት በስፖርት ዕቃ ግዢ ክፍል ሠራ። ለእኛ ይበልጥ የሚጠቅመን ግን በ2006 ዓ.ም. ያሳተመው መጽሐፍ ነው። መጽሐፉን የጻፈው ከሥነ ልቡና ተመራማሪው ከሮናልድ ጋሊሞር ጋር ሲሆን፣ ነገሩ ስለ ራሱ ሳይሆን ስለ ዉድን የማስተማር ዘዴ ነው። ጋሊሞር ቀደም ብሎ በ1974–75 ከሮላንድ ታርፕ ጋር ሆኖ በዉድን 15 ልምምዶች ላይ ተገኝቶ ነበር። ሁለቱ መምህሩ ሲያስተምር የተናገረውንና ያደረገውን ቈጥረው 2,326 ድርጊት መዘገቡ። ከዚህ ውስጥ ከመቶ 50.3 ያህሉ ምን እንደሚደረግና እንዴት እንደሚደረግ የሚያስረዳ ቀጥተኛ ትምህርት ነበር። ምስጋና ከመቶ 6.9፣ ተግሣጽ ከመቶ 6.6 ብቻ ነበሩ። ስመ ጥሩው አሠልጣኝ በጩኸትም በሽንገላም ሳይሆን በማስረዳት ያሸንፍ እንደ ነበር ቍጥሩ ያሳያል። የናተር ምስክርነት ደግሞ ያንን ቍጥር ከውስጥ ሆኖ ይፈታዋል። ዋልተን በጨዋታ ሜዳ ሲሮጥ ናተር ከመምህሩ ጋር በአንድ ወንበር ረድፍ ላይ ተቀምጦ ነበር። ቀዳሚው ሠራ፤ ተጠባባቂው ሠራም፣ አየም፣ ጻፈም።

ዉድን በ2010 ዓ.ም. በ99 ዓመቱ፣ ዋልተንም በ2024 ዓ.ም. ዐርፈዋል። ስለ ሁለቱም ብዙ ተጽፏል፣ ገናም ይጻፋል። እኛ በዚህ ጥናት ለማሳየት የሞከርነው፣ የእነሱን ዘመን በሙሉ ለመረዳት የሚፈልግ ሰው ከኋላቸው የቆመውን ሆላንዳዊ መጠየቅ እንዳለበት ነው። ከዚህ የምናገኘው ትምህርት ለስፖርት ታሪክ ብቻ የተወሰነ አይመስለንም። በዚህ ኮሌጅ የታሪክ ትምህርት የምንከታተል ሁሉ ነገ ስለ መንግሥት፣ ስለ ቤተ ክርስቲያን፣ ስለ ንግድና ስለ ትምህርት ቤት ታሪክ ለመጻፍ በምንነሣበት ጊዜ፣ የፊተኛውን ስም ከመዘገብን በኋላ ብዕራችንን ከማስቀመጣችን በፊት፣ በሁለተኛው ሰልፍ ማን ቆሞ እንደ ነበረና ምን እንዳየ እንጠይቅ።